ሳያስፈቅድ የሚገባ እንግዳ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከረመዳን በፊት በነበሩት ሳምንታት ቤታችን ውስጥ አንድ ጉዳይ ተነሥቶ ሰነበተ። ለዓመታት ያገለገለን ቴሌቪዥን መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት አልበራ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና "ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ለዚህ ከምታወጣ ትንሽ ጨምረህ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል" አለኝ። ወሬው ጂዳ ለምትኖረው ታናሽ እኅቴ ደረሰ። እኅቴ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። ሳምንት ሳይሞላ ብር ላከች፤ "እማዬ ተራዊሕን ከሐረም በትልቁ ትይበት፤ ለልጆቹም ኢንተርኔት ያለውን ስማርት ቲቪ ግዛላቸው" የሚል የድምፅ መልእክትም ጨመረችበት።

ልጆቼ በደስታ ዘለሉ። እናቴ ዱዓእ አደረገች። ባለቤቴ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ብሩ እጄ ሲገባ ከበደኝ። የሌላ ሰው ላብ ነውና አማና ነው።

ነገሩን ለሁለት ወዳጆቼ አማከርኳቸው። አንደኛው "ኢንተርኔት ያለው ቴሌቪዥን ማለት ሸይጧንን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ማስቀመጥ ነው" አለኝ። ሁለተኛው "ዘመኑ ነው፤ ልጆችህ ጎረቤት ሄደው ከሚያዩት ቤታቸው ቢያዩት አይሻልም?" አለኝ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ነገር ግን አንደኛው ስለ ዕቃው፣ ሁለተኛው ስለ ዘመኑ እንጂ ስለ ቤቴ የጠየቀኝ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ እነማን አሉ? ማን ይቆጣጠራል? ብሩ ከየት መጣ? እነዚህ ሳይጠየቁ "ግዛ" ወይም "አትግዛ" ማለት በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። ይህ ጥያቄ የእኔ ቤት ብቻ ስላልሆነ የደረስኩበትን ለአንባብያን ማካፈል ወደድኩ።

ዕቃው እና አጠቃቀሙ

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፉቀሃዎች እንደሚያስተምሩን ክልከላ ያልመጣበት ዕቃና መገልገያ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ብርጭቆ ወተትም ይጠጣበታል፣ ኸምርም ይጠጣበታል፤ የሚጠየቀው ብርጭቆው ሳይሆን ጠጪው ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በ1965 (እ.ኤ.አ) በንጉሥ ፈይሰል ዘመን ቴሌቪዥን ሲጀመር ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ዛሬ ግን የካዕባን ጠዋፍ ከዓለም ዳር እስከ ዳር የሚያሳየን ያው ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ "ዕቃው ራሱ ሐራም ነው" የሚለው መንገድ ሩቅ አይወስደንም።

ዳሩ ግን የዛሬውን ቴሌቪዥን ከትናንቱ ጋር አንድ አድርጎ ማየትም ስሕተት ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የነበረው አንድ ጣቢያ፣ ስርጭቱም የተወሰነ ሰዓት ነበር። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ የምሽቱ ፕሮግራም ሲያልቅ መስኮቱ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። አባቴ "በሉ ተነሡ" ማለት እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ያሰናብተናል። በኋላ ዲሽ መጣ፣ ጣቢያው በዛ። ቢሆንም አንድ ፕሮግራም ሲያልቅ ያልፈለግነው ሌላ ይመጣና እንነሣለን።

ኢንተርኔት ያለው ቴሌቪዥን ግን ማለቂያ የለውም። አንዱ ክፍል ሳያበቃ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል። ትናንት ምን ላይ እንደ ቆየን ያስታውሳል፤ ዛሬ ደግሞ ያንኑ የሚመስል ደርድሮ ይጠብቀናል። እኛ የመረጥን ይመስለናል እንጂ ከተመረጠልን ውስጥ ነው የምንመርጠው። የጥንቱን ቴሌቪዥን ጣቢያው ይዘጋው ነበር። ይህንን ግን መዝጋት ያለብን እኛው ነን። ጥያቄው እንግዲህ "ዕቃው ጥሩ ነው ወይ?" ሳይሆን "እኛ የመዝጋት አቅም አለን ወይ?" የሚል ነው።

የቤት ደጃፍ ክብር

ኢስላም ለቤት ደጃፍ የሰጠውን ክብር እናስታውስ። በሱረቱ አን-ኑር 27ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) አማኞች የራሳቸው ወዳልሆነ ቤት ሳያስፈቅዱና በባለቤቶቹ ላይ ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ያዝዛል። ቀጥሎም "ተመለሱ" ከተባሉ እንዲመለሱ ያስተምራል። በዚሁ ሱራ 58ኛው አንቀጽ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። በቤት ውስጥ ያሉ ትናንሽ ልጆች እንኳ በሦስት ጊዜያት ማስፈቀድ አለባቸው፦ ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜ እና ከዒሻ ሶላት በኋላ።

ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል አጮልቆ ተመለከተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየውን በብርቱ ገሠጹት፤ ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑንም አስተማሩ። እግር ከመግባቱ በፊት ዓይን ይገባልና።

ታዲያ እናስተውል። የገዛ ልጃችን ከዒሻ በኋላ ሳያንኳኳ ወደ መኝታ ክፍላችን እንዳይገባ የታዘዘበት ሃይማኖት ተከታዮች ነን። ስሙን የማናውቀው ሰው ግን በዚያው ሰዓት፣ ለልጆቻችን ዓይን፣ በዚያ አለባበስ፣ በዚያ ንግግር ሳሎናችን ሲገባ "ማን ፈቀደልህ?" ያልነው የለም። እንግዳ ስንቀበል ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ይዞ እንደ መጣ እንጠይቃለን። ቴሌቪዥኑ የሚያመጣው እንግዳ ሲሆን ሪሞቱን ለሕፃን ሰጥተን ወደ ማዕድ ቤት እንሄዳለን።

እያየነው የሚያየን

ሌላም ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። ይህ ዓይነት ቴሌቪዥን እኛን ያሳየናል ብቻ ሳይሆን እኛን ያያል። አብዛኞቹ ኢንተርኔት ያላቸው ቴሌቪዥኖች መስኮታቸው ላይ ከሚታየው ምስል በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ ወደ ኩባንያው ይልካሉ፤ እዚያ ካለው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ቤተሰቡ ምን እንደሚያይ ይታወቃል። በዲሽ የሚታየውም ሆነ ከሌላ መሣሪያ የሚመጣው ከዚህ አያመልጥም። ይህ መረጃ ለማስታወቂያ ሰዎች ይሸጣል። ቴሌቪዥኑ በርካሽ የሚሸጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ይህ ወሬ አይደለም። ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ በ2017 (እ.ኤ.አ) የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ጀርሲ ግዛት ያቀረቡበትን ክስ ለመዝጋት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የክሱ ፍሬ ነገር ከ2014 ጀምሮ በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ባለቤቶቹ በግልጽ ሳይፈቅዱ የሚያዩትን በየሴኮንዱ ይመዘግብ ነበር የሚል ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ሳምሰንግ በራሱ መግለጫ ላይ የድምፅ ማወቂያው ሲበራ በአቅራቢያው የሚነገር ቃል ወደ ሌላ ወገን ሊተላለፍ እንደሚችል ጽፎ በመገኘቱ ብዙ ተነጋግሮበታል።

በሱረቱ አል-ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ አላህ አንዳችን የሌላችንን ነውር እንዳንከታተል ከልክሎናል። የጎረቤቱን ነውር በቀዳዳ ከሚመለከት ሰው የምንርቅ ሰዎች የራሳችንን ቤት በገዛ ገንዘባችን ቀዳዳ መክፈት የለብንም። ደግነቱ ይህ ይዘጋል። በቴሌቪዥኑ የማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ፣ ሳምሰንግ ከሆነ "ቪዩዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ"፣ ኤልጂ ከሆነ "ላይቭ ፕላስ" የሚል ይገኛል፤ እሱን ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ሲበራ የሚጠይቀውን ሁሉ ሳያነቡ "እስማማለሁ" ማለትም ሳያነቡ ውል እንደ መፈረም ነው።

ብሩና ዕድሜው

በቲርሚዚ እንደ ተዘገበው የአደም ልጅ በትንሣኤ ቀን አምስት ነገር ሳይጠየቅ እግሩ ከቦታው አይንቀሳቀስም፦ ዕድሜውን በምን እንደ ጨረሰ፣ ወጣትነቱን በምን እንዳሳለፈ፣ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘና በምን ላይ እንዳዋለ፣ ባወቀው ምን እንደ ሠራ። ከእነዚህ መካከል ገንዘብ ብቻ ነው ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው፦ አገባቡና አወጣጡ።

አወጣጡን እናስላ። ቴሌቪዥኑ የሚከፈልበት አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ብቻ አይደለም። ኔትፍሊክስ ራሱ ለተመልካቾቹ እንደሚገልጸው በጥሩ ጥራት የሚታይ አንድ ሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት፣ በከፍተኛው ጥራት ደግሞ እስከ 7 ጊጋ ባይት ዳታ ይወስዳል። በቀን ሁለት ሰዓት ቢታይ በወር 60 ሰዓት ነው፤ በጥሩ ጥራት 180 ጊጋ ባይት ድረስ ማለት ነው። ሁላችንም የምንገዛውን ፓኬጅ እናውቃለን፤ ሒሳቡን እያንዳንዱ ለራሱ ይሥራው።

ዕቃው ራሱም ቶሎ ያረጃል። መስኮቱ አሥር ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ "ስማርት" ያሰኘው ክፍል ግን ቀድሞ ይሞታል። በ2015 (እ.ኤ.አ) ዩቲዩብ በ2012ና ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የነበረውን አገልግሎት አቋርጧል። በ2019 መጨረሻ ላይም ኔትፍሊክስ በአንዳንድ የቆዩ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች መሥራቱን አቁሟል። ስለዚህ ሱቅ ገብተን በውስጡ ስላሉት አፖች ብዛት ጭማሪ ከመክፈል መስኮቱ ጥሩ የሆነውን መምረጥ ብልኅነት ነው። ኢንተርኔት የግድ ሲያስፈልግ ከኋላው የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ በአነስተኛ ዋጋ ትገዛለች፤ ስታረጅ እሷ ብቻ ትቀየራለች፤ ስናበዛ ደግሞ ትነቀላለች።

ዕድሜያችንንስ? በቀን ሁለት ሰዓት በዓመት 730 ሰዓት ነው፤ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ ከ30 ቀን በላይ ማለት ነው። በእጃችን ያለው የተለመደው ሙስሐፍ 604 ገጽ አለው። አንዱን ገጽ በሦስት ደቂቃ ብናነብ ቁርኣንን ለማኽተም 30 ሰዓት ያህል ይበቃል። ያ 730 ሰዓት 24 ጊዜ ያኸትማል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ብዙ ሰዎች የሚታለሉባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤንነትና ትርፍ ጊዜ መሆናቸው ተነግሮናል። ይህን የምለው ማንም ሰው ዕረፍት አያስፈልገውም ለማለት አይደለም፤ ምን ያህል እንደምንከፍል አውቀን እንድንከፍል እንጂ።

ጥቅሙን አንካድ

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን እንመልከት። ተጅዊድ የሚያስተምሩ ቃሪኦች፣ የዐረብኛ ትምህርት፣ የሒሳብና የፊዚክስ ማብራሪያ ዛሬ በነጻ ይገኛል። ልጅ አንገቱን አቀርቅሮ በስልክ ከሚማር ከቤተሰቡ ጋር በትልቁ መስኮት ቢማር ለዓይኑም ለጥበቃውም ይሻላል። በዚህ በኩል ትልቁ መስኮት ከትንሹ ይበልጣል፤ ሳሎን ያለውን ሁሉም ያየዋል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለውን ግን አላህ ብቻ ያየዋል። ልጆቻችን ስልክ ይዘው ክፍላቸውን እየዘጉ "እኛ ቤት ስማርት ቲቪ የለም" ብለን ብንኮራ ራሳችንን ነው የምናታልለው።

እንግዛ ወይስ አንግዛ?

ከመግዛታችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ራሳችንን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ለምን? ሥራ ሁሉ በኒያ ነው። እናቴ የፈለገችው የሐረምን ተራዊሕ መስማት ነው። ይህ ደግሞ በዲሽ፣ በናይልሳትም ሆነ በዓረብሳት፣ በነጻ ይታያል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በነጻ ያለን ነገር በውድ መግዛት ምን ይባላል? (በነገራችን ላይ ከቤት ሆኖ በቴሌቪዥን ኢማሙን ተከትሎ መስገድን ብዙዎቹ ዑለሞች አይፈቅዱም። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ "እኔ የምሰግደው የራሴን ነው፤ ድምፃቸው ልቤን ስለሚያርሰው ነው" ትላለች።)

ሁለተኛ፣ ከምን? በወለድ ብድር የተገዛ ቴሌቪዥን ቁርኣን ቢያሰማም የገባበት መንገድ የተበላሸ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ያስቀድም። አላህ በሱረቱ አል-ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ ባሮቹን ሲገልጽ ሲሰጡ የማያባክኑ፣ የማይቆጥቡም፣ በመካከል የሚቆሙ መሆናቸውን ያወሳል። ዑመር (ረ.ዐ) ሥጋ ገዝተው ሲሄዱ ያገኟቸውን ጃቢርን (ረ.ዐ) ባማረህ ቁጥር ትገዛለህን ብለው እንደ ገሠጿቸው ተዘግቧል። ሥጋ ሐላል መሆኑን ዑመር አጥተውት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የት? ቦታው ሰው የሚያልፍበት ሳሎን እንጂ መኝታ ክፍል፣ በተለይም የልጆች ክፍል አይደለም።

አራተኛ፣ ማን ይዘጋዋል? ቀጣዩን በራሱ የሚያጫውተው ይጥፋ። የምስጢር ቁጥሩ ወላጅ ጋ ይሁን። ዋይፋዩ በተወሰነ ሰዓት ይነቀል። አዛን ሲሰማ መስኮቱ ይጨልም። ሁሉም እረኛ ነው፣ ሁሉም ስለሚጠብቀው ይጠየቃል የሚለው ሐዲስ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር አይሻርም። ይህን ለማድረግ ጊዜም ሆነ ጉልበት የሌለው አባት መሣሪያውን ባይገዛ ይሻለዋል። ማፈር የለበትም፤ አቅምን ማወቅ ከጥበብ ነው።

ከዚህ በኋላ ቤተሰብን ማማከርና ሁለት ረከዓ የኢስቲኻራ ሶላት መስገድ ይከተላል። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደ ነገሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን በጉዳዮች ሁሉ ያስተምሯቸው የነበረው ከቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሯቸው ሁሉ ነው። "ለቴሌቪዥንም ኢስቲኻራ?" የሚለኝ ይኖራል። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ዕድሜ የሚወስድ ነገር ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

እኛ ቤት የሆነው

አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡን ሰብስቤ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ሰዓት፣ ስለ ደጃፍ፣ ስለ ዓይን ብዙ ተናገርኩ። ስጨርስ የ12 ዓመቷ ልጄ በጨዋነት አንገቷን ደፍታ "አባ፣ አንተ ግን እራት ላይ ስልክ ታያለህ" አለችኝ። ባለቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አለች። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከመግሪብ እስከ ዒሻ የእኔም ስልክ ፍሪጅ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴ እጄ ወደዚያ ሲሄድ ልጆቹ አይተው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ስልኩን ግን አላነሣውም።

ቴሌቪዥኑን ገዛን። መካከለኛ መጠን ያለው፣ መስኮቱ ጥሩ የሆነ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት የማይቀበል ቴሌቪዥን እንደ ልብ ስለማይገኝ የእኛም "ስማርት" ነው፤ ግን ከዋይፋይ አላገናኘነውም። ካልተገናኘ እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ነው፤ አይልክም፣ አያመጣም። ረመዳንን በዲሹ ብቻ አሳለፍን። ከዒድ በኋላ ልጆቹ ሊያዩ የሚፈልጉትን ጽፈው ያመጣሉ፣ አብረን እናየዋለን፤ ቅዳሜና እሑድ የተወሰነ ሰዓት ይከፈታል፣ ከዚያ ይነቀላል። በዚህ ተስማማን።

ከተላከው ብር ግማሽ ያህሉ ተረፈ። ያንን በእኅቴ ስም አስቀመጥኩት፤ ስትመለስ የምትጀምርበት እንዲሆናት። ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አላሰማችም። ከዚያ "እኔ እኮ ለእማዬ ብዬ ነው" አለች። ለእማዬ የሚበቃው ተገዝቷል አልኳት። እኅቴ ከመካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ከተማ ለዓመታት ኖራ ሐረምን የረገጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሠሪዎቿ ፈቃድ አይሰጧትም። በዚያ ሌሊት ተራዊሕ ሲጀመር ስልኬን አንሥቼ ወደ እናቴ አዞርኩላት። እናቴ መስገጃዋ ላይ ተስቢሕ ይዛ ተቀምጣ መስኮቱን ትመለከታለች፤ እኅቴ ደግሞ እናቴን ትመለከታለች።

ይህንን እንግዳ እኛው ጠርተነዋል፤ አስፈቅዶም ገብቷል።

አላህ ዓይናችንን፣ ጆሯችንንና ልባችንን ከምንጠየቅበት ነገር ይጠብቅልን። ቤቶቻችንን የዚክር ቤቶች ያድርግልን። በሰው አገር ለቤተሰባቸው የሚለፉ እኅቶቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።